ማን እንደነዳ አትንገረኝ

ከርካልዲ፣ ፌብሩዋሪ 9

ትተውታል፣ ሮና። ክሱን ትተውታል። የመኪና ማቆሚያው ኩባንያ «ጉዳዩን አንገፋበትም» ብሎ ለፍርድ ቤቱ ጽፏል፤ ግልባጩ ትናንት ጠዋት በበሩ ቀዳዳ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ዱብ አለ። በሌሊት ልብሴ እንደቆምኩ ደጋግሜ አነበብኩትና ዳጊን ከመታጠቢያ ቤት ጎትቼ አስወጣሁት። ሳሙናው ከጆሮው ሳይለቅ «እኔስ ምን ብዬሽ ነበር?» አለኝ። ምን እንዳለኝ ልንገርሽ፤ «ቅርጫት ውስጥ ጣይው» ነው ያለኝ። ባል እንዲህ ነው፤ ዝናብ ሲያባራ ያቆምኩት እኔ ነኝ ይላል።

ይቅርታ፣ ሰላምታውን ዘልዬው ሄድኩ። እንደምን ከርመሻል፣ እህት ዓለም? ላውሪስ? ልጆቹስ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እዚያ ለርዊክ ነፋሱ ጣሪያ ያነሳል ሲሉ በዜና ሰምቼ፣ መርከብ ቲኬት ቢሮሽ ውስጥ ካፖርት ደርበሽ ስትሠሪ ታየሽኝ። የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጅጌው ረዝሞብኛል፤ ቢሆንም አጥፌ እለብሰዋለሁ።

በገና ሰሞን «ምንድነው ይሄ የፍርድ ቤት ወሬ፣ ልትታሰሪ ነው እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ስለ አየሩ ጽፌልሽ ማለፌን አልረሳሁትም። ክፉ ወሬ በፖስታ መላክ አልወድም። ስልክማ የባሰ ነው፤ እማማ ነፍሷን ይማርና «ስልክ ለሞት፣ ደብዳቤ ለኑሮ» ትል አልነበር? አሁን ካለፈ በኋላ ከሥሩ ልንገርሽ።

መኪናዋ በወረቀት የእኔ ናት። የምንነዳት ግን እኔም አባባም ነን፤ ቁልፉ እሱም ዘንድ አለ። ከከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ያለውን የችግኝ መሸጫ ታስታውሺዋለሽ፣ ሻይ ቤት ያለውን። ግቢው ውስጥ መኪና ማቆም የሚፈቀደው ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በሩ ላይ ካሜራ አለ፤ ስትገቢም ስትወጪም ታርጋሽን ያነሳል። ካሳለፍሽ ደብዳቤ ይመጣል፤ የሚመጣውም ታርጋው በስሙ ወዳለው ሰው፣ ማለት ወደ እኔ ነው። አንዱ መጣ፣ ሌላው ተከተለ። መጀመሪያ በትሕትና፣ ቀጥሎ በቀይ ቀለም፣ ከዚያ ዕዳ ሰብሳቢ ነን በሚሉ ሰዎች ስም። ዳጊ «እዚህ ስኮትላንድ ነው፤ የእንግሊዝ ሕግ እዚህ አይሠራም፤ ምንም አያመጡም» እያለ ወደ ቅርጫት። ፀጉር ቤትም እንደዚያው። ማጠቢያው ላይ የተጋደመች ደንበኛ ሁሉ ጠበቃ ሆነችብኝ። «አንቺ ብቻ አትመልሺላቸው፤ መልስ ካገኙ ዘመድ ይሆኑሻል» ይሉኛል፣ አረፋው ዓይናቸው ውስጥ እየገባ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሸሪፍ ፍርድ ቤት፣ ከአካባቢያችን ዳኛ ዘንድ፣ ወረቀት መጣ። እሱ ቅርጫት አይገባም። ይዤው ወደ ምክር ቢሮ ሮጥኩ፤ እዚያ ሚስተር ሊትጎ የሚባሉ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰው በነፃ የሚረዱ አሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡና «በመጀመሪያ ይሄ ቅጣት አይደለም፤ የሚቀጣ መንግሥት ነው። ይሄ ‹ግቢዬ ስትቆሙ ውል ገብታችኋል› የሚል ነጋዴ ነው። ውሉን የገባው ደግሞ መሪውን የያዘው ሰው እንጂ የመኪናው ባለቤት አይደለም። ማን እንደያዘ ማስረዳት የእነሱ ፋንታ ነው፤ አንቺ ለእነሱ የመንገር ግዴታ የለብሽም» አሉኝ። መልሱን አብረን ጽፈን ለፍርድ ቤቱ ሰደድን።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሹፌር ነገር አይነሳም። አባባ አንዳንዴ «ኢሽቤል፣ ስለዚያ ቦታ አንድ ነገር...» ብሎ ሲጀምር፣ «አባባ፣ ማን እንደነዳ አትንገረኝ። እዚያም ድርሽ አትበል። ዳኛ ፊት ቆሜ አላውቅም ስል እውነት እንዲሆንልኝ ነው» እለዋለሁ። እሱም አፉን ይዘጋል። ቀጠሮው ሲተላለፍ፣ ሲተላለፍ፣ አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ አለፈ።

ትናንት ከሥራ እንደወጣሁ ዳይሳርት አባባ ቤት ሄጄ አበሰርኩት። እንደሚዘል ነበር የጠበቅሁት። ቆቡን አወለቀ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። «እንግዲያው አሁን እዚያ መሄድ ይቻላል?» አለኝ። «አባባ፣ ከዚህ ሁሉ ጣጣ በኋላ ችግኝ ልትገዛ ነው?» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። እርጅና ነው መሰለኝ፣ ደስታም ሲመጣበት ቀስ ብሎ ነው።

ለፋሲካ ብትመጡ አሳና ድንች ጥብስ እጋብዛችኋለሁ፤ ድሉ የሁላችንም ነው።

እህትሽ ኢሽቤል


ለርዊክ፣ ፌብሩዋሪ 17

ኢሽቤል፣

እንኳን ደስ አለሽ። ከልቤ ነው። ሳሉ ለቆኛል፣ ነፋሱ አልለቀቀንም፣ ላውሪ ሰላም ብሎሻል።

እጅጌው ትክክል ነው። ሹራቡ የአባባ ነው። ፖስታው ላይ ስሙን ጽፌበት ነበር፤ ሳታነቢ ቀደድሽው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባባ ችግኝ መሸጫ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ጓሮው ሙሉ ሲሚንቶ ነው። እማማ ካረፈች ወዲህ አንዲት ቅጠል አልተከለም። መስኮቱ ላይ ያለችው አበባ እንኳ ፕላስቲክ ናት፤ እኔው ነኝ የገዛሁለት። የሊኖሊየም ወለል ንጣፍ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው እንጂ አትክልተኛ አይደለም። ይሄ ሁሉ ደብዳቤ የመጣው ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ስለዘገየ አይደለም። እየተመላለሰ ነበር ማለት ነው።

እኔ የምጠረጥረው አለኝ፤ አሁን አልልሽም። አንቺ ጠይቂው። ሂጂ፣ ቁጭ በዪ፣ አፍሽን ዘግተሽ አድምጪው። እንደሚከብድሽ አውቃለሁ።

ሮና


ከርካልዲ፣ ፌብሩዋሪ 27

ሮናዬ፣

ሹራቡን ሰጥቼዋለሁ፤ ይቅርታ። ልክክ ብሎለታል። ከዚህ በታች የምጽፈውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ እኔም ለመጻፍ ወኔ እስካገኝ ድረስ ዕቃ ሳጥብ ነው ያመሸሁት።

እንዳልሽው ሄድኩ። አልጠየቅሁትም፤ «አባባ፣ ነገ ረቡዕ ዕረፍቴ ነው፣ እዚያ ችግኝ መሸጫ ሻይ ልጋብዝህ» ነው ያልኩት። በማግስቱ ስደርስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ተላጭቷል። ከረባት አስሯል። ለእማማ ቀብር ያሰራት ከረባት ናት። በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልወጣውም፤ ካሜራው ሥር ስናልፍ ግን ራሱን ዝቅ አደረገ። ልቤ እዚያው ነው የጠረጠረው።

ሻይ ቤቱ በር ላይ አንዲት አስተናጋጅ፣ ሺና የምትባል ፊቷ ጨው ያለው ሴት፣ ትሪዋን እንደያዘች ቀጥ አለች።

«ሚስተር ጌዲስ፣ በሕይወት አሉ እንዴ?»

«ያለሁ ይመስለኛል» አላት አባባ። ዓይኑ መስኮቱ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ ነው። እዚያ ሁለት ወጣቶች ኬክ እየተጎራረሱ ነበር።

«እሷ እኮ ‹ወይ ሞቷል ወይ ሰልችቼዋለሁ› ትል ነበር፣» አለች ሺና። «ሞቷል ቢሏት ይሻላት ነበር መሰለኝ።»

እሷ ማን ናት ብዬ ሁለቱንም አፈራርቄ አየኋቸው። ሺና እኔን አባባን ያስቀየምኩ ያህል ገላመጠችኝና እያንጠባጠበች ነገረችኝ። ሚስስ ኔታ ኬርንስ። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ያስተዳድሩ የነበሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ በአዛውንቶች ሚኒባስ ረቡዕ ረቡዕ የሚመጡ። ከአባባ ጋር አንድ ቀን ቦታ ጠፍቶ ጠረጴዛ ተጋሩ። ከዚያ ወዲያ ቦታ ሞልቶም ይጋሩ ነበር። የምስር ሾርባ፣ ስኮን ዳቦ፣ ሻይ፣ ደግሞ ሻይ። ሴትየዋ ጋዜጣ ያነቡለታል፤ እሱ ያላግጣል። «ሁለት ሰዓት ለእነሱ ምን ይበቃል፤ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ነው» አለች ሺና። አባባ የቀረ ጊዜ ሴትየዋ ክረምቱን ሙሉ መጥተዋል። አንዴ የእሱንም ሾርባ አዘው ከፊታቸው አስቀመጡት። በፀደይ ዓይናቸው እየደከመ መጣ፤ ቤት ልቀይር ነው አሉ፤ ከዚያ ቀሩ። ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም።

ሻያችንን ሳንጨርስ ወጣን። መኪናው ውስጥ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ የተነጋገርነውን እንዳለ ልጻፍልሽ፤ ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም።

«አባባ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«‹አትንገረኝ› አልሽኝ።»

«እሱ እኮ ስለ መኪናው ነው።»

«በመኪናው ነበር የምሄደው።»

«ታዲያ በእግርህም፣ በታክሲም...»

«ካሜራ አለ። እዚያ ካዩኝ ሹፌሩ እኔ እንደሆንኩ ይይዛሉ፣ አንቺ ዳኛ ፊት ዋሽተሻል ይሉሻል። በእኔ ሾርባ ልጄ ትከሰስ?»

«ስልካቸው የለህም?»

«በስልክ እንደማልሰማ ታውቂያለሽ። ደግሞ ረቡዕ ነበረን። ረቡዕ እያለን ስልክ ምን ያደርግልናል?»

መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሱ ነው እኔን ያባበለኝ፤ «ተይ ልጄ፣ የሁለት ሰዓታችን አልፎ ሌላ ደብዳቤ እንዳይልኩብን» እያለ። ከካሜራው ነፃ ወጣሁ ብዬ ዓለምን ሳበስር ስከርም፣ ለእኔ ሲል አንድ ያለችውን ሰው የተወው እሱ ነበር።

አሁን ከማልቀስ መፈለግ ይሻላል። ሴትየዋን አገኛለሁ። በሕይወት ከቆዩ እናገኛቸዋለን፤ ከዘገየን ግን፣ ሮና፣ ዕድሜያቸው እኮ ሰማንያን እየተጠጋ ነው።

ኢሽቤል


ከርካልዲ፣ ማርች 16

እህቴ ሮና፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ድሮም ጆሮሽ ከምላስሽ ያንሳል» ያልሽውን ፀጉር ቤት ለሴቶቹ አነበብኩላቸው፤ ሁሉም «እህትሽ አብጠርጥራ ታውቅሻለች» አሉ። አልተቀየምኩም። ተቀይሜ ነበር፣ አሁን በርዶልኛል።

ራሴን ሳጽናና ጥፋቱን ወደ ሚስተር ሊትጎ ልገፋ ሞክሬ ነበር። ቢሮ ሄጄ «እርስዎ አይደሉም እንዴ ‹አትናገሪ› ያሉኝ?» አልኳቸው። እኚያ ሰው ደግሞ ቀስ ብለው ነው የሚገድሉ። «ለኩባንያው ነው ያልኩሽ፤ ለአባትሽ አላልኩም» አሉኝ። ከዚያ የራሳቸውን ብስኩት ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። እየበላሁ ወደ ቤቴ መጣሁ።

አሁን ወሬው። ተገኙ። የአዛውንቶቹን ሚኒባስ የሚነዳውን ሰው ደጅ ጠንቼ አገኘሁት፤ ፀጉሩን በነፃ እንደምቆርጥለት ቃል ገብቼ። የቤታቸውን ዕቃ ሲያጓጉዙ አግዟቸው ነበር። ሌቨን ናቸው። ለአረጋውያን ተብሎ በተሠራው፣ ከታች ጠባቂ ያለበት ፎቅ ውስጥ፣ የራሳቸው ክፍል አላቸው። ሌቨን፣ ሮና። ከአባባ በር ፊት ለፊት የሚያልፈው አውቶቡስ እኮ ሌቨን ነው የሚያድረው። ያ ሁሉ ጊዜ በመስኮቱ ሥር ወደ እሳቸው ሲሄድ፣ ከእሳቸው ሲመለስ፣ አባባ ፕላስቲክ አበባዋን እያየ ተቀምጧል። መኪና ባያስፈልግስ ኖሮ ብዬ ማሰብ ትቼአለሁ፤ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ለአባባ ስነግረው ተነሳ፣ ሹራብሽን ለበሰ፣ አወለቀ፣ እንደገና ለበሰ። አብረን ሄድን። ፎቁ ፊት ለፊት ስንደርስ አውቶቡስ ማቆሚያው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። አልነሳም አለ።

«አባባ፣ መስኮታቸው ያውልህ፣ ሰማያዊ መጋረጃው።»

«አየሁት።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

«ምን ልላት ነው? ‹ደብዳቤ ፈርቼ ቀረሁ› ልበላት? እኔ ፋብሪካ ውስጥ ያንን የሚፈላ ዘይት ስደፋ የኖርኩ ሰውዬ?»

እውነቱን ንገራቸው አልኩት። «እውነቱ እኮ የፈሪ ነው» አለኝ። ከባሕሩ ጉም ተነሳ፤ መጋረጃው ጠፋ፤ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ስማቸውን ሳነሳበት ወደ ሌላ ወሬ ይዞኝ ይሄዳል። እኔ የማስተምረው ነገር የለኝም፤ ዝም እንዲል ያስተማርኩት እኔው ነኝ። አንቺን ይሰማሻል። ጻፊለት። ደግሞ በመጀመሪያ ደብዳቤሽ «የምጠረጥረው አለኝ» ያልሽው ምን ነበር? ዘልለሽው አልፈሻል።

ኢሽቤል


ለርዊክ፣ ኤፕሪል 2

ኢሽቤል፣

ለአባባ ጽፌለታለሁ። ለአንቺ መጻፉ ነው የዘገየብኝ።

ያንን በጋ፣ የፍርድ ቤቱ ወረቀት ሳይመጣ በፊት፣ አባባ ወደ እኛ የመጣ ጊዜ፣ ስሸኘው ወደቡ ላይ ቆመን ነበር። ሻንጣውን እንደያዘ «አንዲት ሴት ጋር ሾርባ እጠጣለሁ» አለኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። «አባባ፣ በዚህ ዕድሜህ? ጥርስህን ይዘህ ነው ወይስ አውልቀህ?» አልኩት። የመርከቡ ሠራተኞች ሁሉ ሰምተው ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳት። የተዋት መስሎኝ ነበር። ሲተዋት አዝኖ እንደሆን እንኳ አልጠየቅሁትም። አንቺ ዝም አሰኘሽው፤ እኔ ደግሞ ቀድሜ አሳፈርኩት። ስለዚህ ያለፈው ደብዳቤዬ ላይ የጻፍኩትን ስድብ ግማሹን መልሺልኝ።

ሌላም አለ። በዚያው ጉብኝቱ ምንቃራቸው ባለቀለሙ የባሕር ወፎች ገደሉ ላይ በየትኛው ወር እንደሚሰፍሩ ደጋግሞ ጠይቆኛል። ለራሱ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለራሱ አልነበረም፤ እሱማ አይቷቸው ነበር።

የጻፍኩለት አጭር ነው። «ፈርቼ ነበር በላት። ሴት በፈራ ወንድ ትስቅ ይሆናል፤ የምታለቅሰው በጠፋ ወንድ ነው። እኔም የሳቅሁብህ ጊዜ ልትቆጣኝ ይገባህ ነበር፤ ይቅር በለኝ።» እንዲነበብለት ከፈለገ አንቺ አንብቢለት፣ አስተያየት ሳትጨምሪ።

የቲኬት ሥራው ፋታ የለውም። የሚሆነውን ጻፊልኝ።

ሮና


ከርካልዲ፣ ሜይ 4

አባታችን ሊያገባ ነው። ሮና፣ አነበብሽው? መልሰሽ አንብቢው። ሊያገባ ነው፣ ለጋብቻ መዝጋቢው ቢሮ ወረቀቱ ገብቷል፣ ዳጊ የከተታቸውን ሱሪዎች ሁሉ እየለካ ነው፣ አንድም የሚዘጋለት የለም።

ሰላምታ ደግሞ ቀረ። ይቅርታ። ላውሪን ሳሚልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ለርዊክን በሞላ ሳሚልኝ። ላንቺ የሚያስፈልግሽ ዝርዝሩ ነው።

ደብዳቤሽን ራሱ አነበበው፣ በዝግታ፣ በመነጽርም ያለ መነጽርም። በማግስቱ አውቶቡሱ ውስጥ ነበርን። በዚህ ጊዜ ማቆሚያው ላይ አልተቀመጠም። ኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ «አንቺ እዚህ ቁሚ» አለኝ። ቆምኩ፤ ግን እንደምታውቂኝ፣ በሚሰማበት ቦታ ነው የቆምኩት።

አንኳኳ። ተከፈተ።

«ማነው?» አሉ ሚስስ ኔታ። ዓይናቸው መሃሉ ጠፍቷል፤ የሚታያቸው ዳር ዳሩ ነው፤ ለዚህ ነው ራሳቸውን ወደ ጎን አዘንብለው የሚያዩ፣ እንደ ወፍ።

«ዋቲ ነኝ።»

«የትኛው ዋቲ?»

«የሾርባው።»

«እሱ ሞቷል» አሉ።

«አልሞትኩም። ፈርቼ ነው የቀረሁት።»

«እኔን?»

«ደብዳቤ። ከመኪና ማቆሚያው። ልጄን እንዳይከሷት።»

ከዚያ ሴትየዋ መሳቅ ጀመሩ፣ ሳቃቸውም እየሄደ እየሄደ ሌላ ነገር ሆነ። አባባ መሐረቡን ሲያወጣ የኪሱ ሳንቲም መሬት ላይ ሲበተን ሰማሁ።

«ግባ እንግዲህ» አሉት በመጨረሻ። «እዚህ ስንት ሰዓት ነው የተፈቀደልህ?»

«እስክታባርሪኝ።»

እንዴት ያለ ነገር ይናገራል ይሄ ሰውዬ፤ እኛ ዘንድ ስንት ዓመት ስለ ዝናብ ብቻ ሲያወራ። በሩ ሲዘጋ ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ ለጠባቂዋ ፈገግ አልኩላት፤ እብድ ናት ብላ ሳትመዘግበኝ አትቀርም።

ሁሉ ነገር ግን ደስታ ብቻ ነው ብዬ አልሸነግልሽም። ኋላ ላይ ሻይ ሲያፈሉ ላግዛቸው ማድ ቤት ገባሁ። ኩባያውን በጣታቸው ዳሰው ነው የሚሞሉት። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «በዚያ ክረምት ዓይኔ ገና ጋዜጣ ያነብ ነበር» አሉኝ። «ዋቲ ወፎቹን ሊያሳየኝ ቃል ገብቶ ነበር፤ በመርከብ ወደ ለርዊክ ሊወስደኝ። አልወቅስሽም፣ ልጄ። ግን ምንም አልቀረብኝም ብዬ አልዋሽሽም።»

ስኳሩን አቀበልኳቸው።

ወደ ክፍሉ ስንመለስ አባባን አገጩን ይዘው ወደ ጎን እያዘነበሉ አዩት፣ አዩት፤ አልሆነላቸውም። «ይሁን፣ የድሮ ፊትህን ይዤዋለሁ» አሉት። «አንድ ቀን አላረጀህም።» እሱም «እሱ ይሻልሻል፣ አዲሱ አያዋጣም» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ የቆጠርኩት ያለፉትን ረቡዖች ነበር፤ ቆጥሬ ሳልጨርስ ወረድኩ።

ከዚያ ረቡዕ ሄደ። ሰኞም ሄደ። ከዚያ ቅዳሜ ልጥራው ብል ቤት የለም። አውቶቡስ ሹፌሮቹ በስሙ ይጠሩታል አሉ። ያለፈው እሑድ ምሳ ላይ ሹካውን አስቀመጠና «ረቡዕ አይበቃንም» አለ።

«ምን ማለት ነው አባባ?» አለው ዳጊ አፉ እንደሞላ።

«ሌሎቹንም ቀኖች እንፈልጋለን። ማን እንደቀረው፣ ስንት እንደቀረው አይታወቅም። የባከነው ይበቃል። እሷ ጠየቀችኝ፤ እሺ አልኳት።»

«እሷ ጠየቀችህ?»

«በር ከፍታ ያስገባችኝ እሷ፣ የጠየቀችኝ እሷ። እኔ እሺ ማለት ነው የምችልበት» አለና ድንቹን ቀጠለ።

ከሌቨን ወደ ዳይሳርት ይዛወራሉ፤ ሚስስ ኔታ ባሕሩን ባያዩትም መስማት ይፈልጋሉ፣ የአባባ መስኮት ደግሞ ወደ ባሕር ነው። ፕላስቲክ አበባሽን አንስቼዋለሁ፤ እሳቸው የሚሸት ነገር ነው የሚፈልጉት። በሚስስ ኔታ በኩል የሚመጣ ብዙ ሰው የለም፤ የቀድሞ የወጥ ቤት ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ሺና አለች፤ ሚኒባስ ሹፌሩ ፀጉሩን ተቆርጦ ይመጣል፤ ሚስተር ሊትጎ ከረባታቸውን ከአሁኑ አሳይተውኛል። የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ይዤዋለሁ፤ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው ዳጊ አግኝቷል፤ ጭፈራው አይቀርም፣ ሙሽራዋ እጃቸውን ይዞ የሚያዞራቸው ካለ መደነስ እችላለሁ ብለዋል።

አንቺ «ወቅቱ የመንገደኛ ነው፣ ቢሮው አይለቀኝም» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ወፎቹን በዓይንሽ አይተሽ ነይ። ሙሽራዋ አጠገብ ነው የማስቀምጥሽ፤ ቀለማቸውን፣ አረማመዳቸውን፣ ገደሉ ላይ እንዴት እንደሚገፋፉ አንድ በአንድ ትነግሪያቸዋለሽ። አባባ ያንን ማድረግ አይችልም፤ እሱ ስለ ወፍ ሲጠይቁት «ትንሽ ነው» ይላል።

ላውሪ ይምጣ፣ ልጆቹ ይምጡ፣ የባልሽ እናት ጉልበታቸው ካልከለከላቸው ይምጡ፤ ማንም እንዳይቀር። ቀኑ ቅዳሜ፣ ጁን 7 ነው።

እህትሽ ኢሽቤል